ጋሼ ሜትርና የባንኩ ወገብ

ባንክ የማያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ውሃ የማይደርሰው ሰፈር አለ፣ መንገዱ ያልተጠረገም ሞልቷል፤ ሀብታም ሁሉ ሌባ፣ ባንክም ሁሉ ወጥመድ መሆኑን ምሎ የሚናገር አንድ ሰው ያጣ ሰፈር ግን ተፈልጎ አይገኝም። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተዘርፎ አያውቅ ይሆናል። ቢሆንም ቀኑ ሲደርስ ተኝቶ እንዳይገኝ ይጠነቀቃል።

በሚጡ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የገዛ አጎቷ፣ ክቡር ጋሼ ሜትር ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከአንገታቸው ወርዶ በማያውቀው ሜትር ነው፤ ሲበሉም አለ፣ ሲጸልዩም አለ። ሱቃቸው የስፌት መኪናዋን፣ የመተኮሻ ጠረጴዛውንና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ትይዛለች። አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሚስተካከል ሰው በጠፋ ቁጥር ይመጣል፣ የሚስተካከል ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የዓለም የገንዘብ ሥርዓት በየቀኑ የሚፈተሸው እዚህች ክፍል ውስጥ ነው።

“የሰው ልቡን ሐኪም ያያል፤ ኪሱን የማየው እኔ ነኝ” ይላሉ ጋሼ ሜትር፣ የክሩን ጫፍ በምራቃቸው እያሾሉ። “ደሃ ሊያሰፋ ሲመጣ ‘ሱሪው እንዳይጠበኝ’ ነው የሚለኝ። ሀብታም ሲመጣ ‘ኪሱ እንዳይታይ’ ነው የሚለኝ። እንግዲህ ጨርሱት።”

“እንግዲህ ጨርሱት” የሳቸው ማሳረጊያ ናት። ክርክሩን ራሳቸው አይጨርሱትም፤ ሰሚው ቤቱ ሄዶ፣ ጋደም ብሎ፣ እየተገላበጠ እንዲጨርሰው ይተዉለታል። ፀጉር አስተካካዩ ስንት ሌሊት ሲጨርስ እንዳደረ ሚስቱ ታውቃለች።

ወለድን በተመለከተም አቋማቸው የጸና ነው። “ገንዘቤን ጠብቁልኝ ብዬ ሰጠኋቸው እንበል። እሺ፣ ደግ። በዓመቱ ደግሞ ጨምረው ይከፍሉኛል። ለምን? ዘበኛ ቀጥራችሁ፣ ዘበኛው ለእናንተ ደመወዝ ሲከፍላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ ጨርሱት።” ኤቲኤም የተተከለ ሰሞን ደግሞ ሥራ ፈትተው ከመንገዱ ማዶ ቆመው ከግድግዳው ጀርባ ማን እንዳለ ይጠብቁ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ የባንኩ ሠራተኛ ዓይኑን እያሻሸ በጓሮ በር ወጣ። ምስኪኑ ሰውዬ እዚያ ውስጥ ታጉሮ ሌሊቱን ሙሉ ገንዘብ ሲያቀብል እንዳደረ በዚያው ቀን ለሰፈሩ ተነገረ። ብዙ ሰው አዘነለት፤ ሁለት ሰው ሻይ ሊገዛለት ፈልጎ ነበር።

ታዲያ ሚጡ ሄዳ ሄዳ ባንክ ተቀጠረች። ያውም መስኮት ላይ፣ ገንዘብ ከፋይ።

አባቷ የሞተው ገና እየዳኸች ሳለ ነው። የትምህርት ቤቱን የከፈሉት፣ ደብተሩን የገዙት፣ ዩኒፎርሟን እያደገች ስትሄድ እጥፉን እየፈቱ ያስረዘሙላት ጋሼ ሜትር ናቸው። እናቷ የሥራውን ወሬ ይዛ፣ ሚጡን አስከትላ ወደ ሱቁ ስትሮጥ፣ ወንድሟ ጋሼ ሜትር የስፌት መኪናቸውን መርገጥ አላቆሙም። እጅጌውን እስከ ጫፉ ሰፍተው ከጨረሱ በኋላ ቀና ብለው ሚጡን አዩዋት።

“ከነሱ ጋር ነው እንግዲህ የምትውይው” አሉ።

“ሥራ እኮ ነው ጋሼ።”

“ነይ ቁሚ” ብለው ትከሻዋን ለኩ። በሳምንቱ ለባንኩ ሥራ የምትለብሰውን ኮት ሰፍተው ሰጧት። ልክክ ያለ፣ የሚያምር ኮት ነበር። ኪስ ብቻ የለውም። ውጭም የለውም፣ ውስጥም የለውም። “ነገ አንድ ነገር ጎደለ ሲሉ መጀመሪያ የሚያዩት ያንቺን ኪስ ነው” አሏት። “የሌለውን ይዩት።” ሚጡ ከዚያ ወዲህ መሀረቧን በእጅጌዋ፣ የቤት ቁልፏን በምሳ ዕቃዋ ይዛ ትሄዳለች። የሥራ ጓደኞቿ ፋሽን መስሏቸው ‘የት ነው ያሰፋሽው’ ብለው ይጠይቋታል።

እስከዚህ ድረስ ጋሼ ሜትር የሚሳቅባቸው ሰው ነበሩ። ሳቁ የቆመው የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሁለት ሱሪ አንጠልጥሎ ሱቃቸው የገባ ዕለት ነው።

ሱሪዎቹን የሰፉት ራሳቸው ናቸው፤ ይጥበቡልኝ ነው ሰውየው የሚለው። ጋሼ ሜትር ወገቡን ለኩ። ሜትሩን አዩ፣ የሰውየውን ፊት አዩ፣ ተመልሰው ሜትሩን አዩ። እንደገና ለኩ። ጠመኔያቸውን አንስተው ምልክት አደረጉ፣ ቀን ቀጠሩት፣ አክብረው ሸኙት።

“ምነው ዝም አሉ?” አለ ፀጉር አስተካካዩ ከአግዳሚው ላይ።

“ባለ ባንክ በሰላም አይከሳም።”

“ማለት?”

“ማለት የለም። ወገቡ ቀንሷል። እንግዲህ ጨርሱት።”

ፀጉር አስተካካዩ ያን ቀን ሥራ በዛለት፤ ከመስታወቱ ፊት የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን ታስሮ ሰማ። ከሰዓት በኋላ የከሳው ሥራ አስኪያጁ ነበር። አመሻሹ ላይ የከሳው ባንኩ ሆነ። ሰው እራቱን በልቶ ሲነሳ ካዝናው ባዶ ነው፣ ባለአክሲዮኖቹም ከነቤተሰቦቻቸው ተሳፍረው ሄደዋል።

በማግስቱ ሚጡ ስትደርስ ሰልፉ ከባንኩ በር ተነስቶ፣ መድኃኒት ቤቱን አልፎ፣ ጥጉን ዞሯል። ማንም አይጮህም። ሁሉም መታወቂያውን በእጁ ይዞ የሚከፈተውን በር ያያል። ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ነበር። “ከዋናው መሥሪያ ቤት ገንዘብ ጭኖ የሚመጣ መኪና ጠይቀናል። እስኪደርስ ቀስ እያላችሁ ክፈሉ፣ ፈገግ በሉ። ሳይደርስ ካለቀብን ግን ቅርንጫፉ ይዘጋል፣ እኛም ወደየቤታችን ነን።” የሚጡ እናት ሥራ ካቆመች ቆይታለች። የቤት ኪራዩም መድኃኒቱም የሚወጣው ከዚች መስኮት ነው።

በሩ ሲከፈት ሥራ አስኪያጁ ሰዉን ሊያረጋጋ ወጣ። “ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ባንካችን በጠንካራ መሠረት ላይ” እያለ ሱሪውን በአንድ እጁ ወደ ላይ ይጎትታል። ደህናዎቹ ሱሪዎች ጋሼ ሜትር ዘንድ ናቸውና የለበሰው ከሁሉም የባሰውን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር አንዴ ይጎትታል። ንግግሩን የሰማው ጥቂት ሰው ነው፤ ሱሪውን ግን ሁሉም አየ። ሊያይ ብቻ መጥቶ ዳር ቆሞ የነበረ ሰው ሳይቀር ሰልፉ ውስጥ ገባ።

ሚጡ ከፈለች። አንዱን ስትሸኝ ሌላው ይተካል። ብሩ በላቧ እየተጣበቀ መቁጠር አቃታት። አንዲት እናት መስኮቱ ላይ ተጠግተው፣ “ልጄ፣ ለኔ ብቻ ንገሪኝ። አለ ወይስ የለም?” አሏት።

“አለ እናቴ። የርስዎም የሁሉም ሰው አለ።”

“ታዲያ ለምን ያልብሻል?”

ሚጡ መሀረቧን ከእጅጌዋ መዝዛ ግንባሯን ጠረገች። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ መኪናው የለም። የካዝናው ኃላፊ ከኋላዋ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ “ትንሽ ነው የቀረን” አላት።

በሩ አካባቢ ሰዉ መላወስ የጀመረው ይኼኔ ነው። ጋሼ ሜትር መጡ። በዚያ ሙቀት ወፍራም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ካፖርቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሱቃቸው ግድግዳ ላይ ስንት ዘመን ተሰቅሎ ኖሯል፣ የማን ነው ሲባሉ “ባለቤቱ ይመጣል” ነበር መልሳቸው። ሰዉ ወረፋውን ለቀቀላቸው። “እሳቸው እኮ ጥንትም ብለው ነበር” የሚል ሹክሹክታ ከኋላ እስከ ፊት ተላለፈ። ሚጡ ስታያቸው የያዘችውን ብር አስቀመጠች። አጎቷ በዚህ ባንክ ሰባራ ሳንቲም የላቸውም። የመጡት እጇን ይዘው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከወንበሩ ሊያስነሷት ነው። እሳቸው እሷን ይዘው ከወጡ ደግሞ የሚቀር ሰው የለም።

“ጋሼ፣ ይተዉኝ” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “እዚህ የሚያወጡት ነገር የለዎትም።”

“ማን አወጣለሁ አለ?”

ካፖርቱን አውልቀው ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። ከአንገትጌው ሥር አንዲት ክር ፈልገው አገኙና ሳቡ። በአንድ ሳብታ የሚፈታ ስፌት ነበር፤ ገበሩ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። በገበሩና በጨርቁ መካከል፣ ከትከሻው እስከ እግሩ፣ ያጠራቀሙት በሙሉ ተነጥፏል። የሰዉ ዓይን እዚያ ላይ ቀረ።

“አስገቢው” አሉ።

“ጋሼ፣ ባንኩን አመኑት?”

“ምን ሆኜ። ሌቦች ናቸው።” ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ እሱንም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። “እኔ ወገብ አልኩ እንጂ ባንክ አላልኩም። ሰልፉን የጠራው ግን የኔ አፍ ነው። አንቺ በኔ አፍ ከሥራ አትወጪም። በይ ቁጠሪ።”

ሚጡ ቆጠረች። እንደዚያ ቀን ቀስ ብላ ቆጥራ አታውቅም። ከሰልፉ አንዳንዱ ራሱን እያከከ ወጣ፤ ጋሼ ሜትር ካስገቡማ ገንዘቡ አለ ማለት ነው። ሌላው ግን አልተነቃነቀም። ትንሽ ቆይቶ ከመሀል አንድ ድምፅ፣ “ስንት ከፍለዋቸው ይሆን?” ሲል ተሰማ። መኪናው ደርሶ፣ ካዝናው ሞልቶ፣ ሰልፉ ሲበተን ጋሼ ሜትር የባንኩ ስውር ባለአክሲዮን ሆነው አመሹ። ሥራ አስኪያጁ የከሳው ሐኪም ስኳር ስለከለከለው መሆኑም በዚያው ሰሞን ታወቀ። ይህን ግን ማንም አላመነም።

ፀጉር አስተካካዩ አሁን የሚቀመጠው የገዛ ደጃፉ ላይ ነው፤ አግዳሚው ባዶውን ይውላል። ሚጡ ተናዳ ሄዳ ልትናገረው ስትል አጎቷ ከለከሏት። “ተይው” አሏት። “እኔም ብሆን ራሴን እጠረጥር ነበር።”

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ባንኩ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። በመስኮቱ ጎንበስ ይሉና የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ “እንዴት አደረ?” ይላሉ።

“ደህና አደረ ጋሼ።”

“በዓይንሽ አየሽው?”

“አየሁት።”

ይኸው ነው፤ ይሄዳሉ። ሠራተኞቹ ይስቃሉ። ሚጡ አብራ ትስቃለች እንጂ ሳቁ ከአንገት በላይ ነው። ድሮ ባንኩ መሥሪያ ቤቷ ነበር፤ አሁን የአጎቷ ካፖርት ያለበት ቤት ነው። ድሮ የማትሰማው ነገር ሁሉ ይሰማታል። ባለአክሲዮኖች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተው በሩ ሲዘጋ፣ ወረቀት ያስተካከለች መስላ በዚያ በኩል ታልፋለች። ሲስቁ ትሰጋለች፣ ዝም ሲሉ ይብስባታል። ጋዜጣ ላይ ባንክ የሚል ቃል ካየች ምሳዋን ሳትበላ ትመልሳለች። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ የሳቸውን ሂሳብ ከፍታ ታያለች፣ አይታ አታምንም፣ ዘግታ እንደገና ትከፍታለች።

አንድ ጠዋት ሲስተም የለም ተባለ። ሚጡ ማሽኑን ነካካች፣ አጠፋች፣ አበራች። ጥቁር ነው። በሩ ተከፈተ፣ ጋሼ ሜትር ገቡ።

“እንዴት አደረ?”

“ደህና አደረ።”

“በዓይንሽ አየሽው?”

“አላየሁትም” አለች፤ ከዚያ በኋላ ራሷን መያዝ አቃታት። “ሲስተም የለም ጋሼ። ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ እንቅልፍ የለኝም እኮ። ምን በደልኩዎት? ያን ሁሉ ልፋትዎን ለምን እኔ ላይ ጣሉት?”

ጋሼ ሜትር እጃቸውን በመስኮቱ ሥር አሳልፈው እጇን ያዙ።

“አይዞሽ ልጄ” አሉ። “እኔ እኮ ያን ቀን ሳስገባው እንደበሉት ቆጥሬ ነው ያስገባሁት። እዚሁ ባንኮኒው ላይ ተሰናብቼዋለሁ።”

“ታዲያ በየጠዋቱ ምን ሊያዩ ነው የሚመጡት?”

“አንቺን ነዋ። እንደነዚህ ካሉ ሰዎች መሀል ትቼሽ፣ ደህና ማደርሽን ሳላይ መርፌ እንዴት እጨብጣለሁ?”

ከኋላቸው አንድ ደንበኛ መታወቂያውን ባንኮኒው ላይ እያንኳኳ፣ ገንዘቡ ምን ሆኖ እንደሆነ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ጋሼ ሜትር ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት።

“ሲስተም የለም ተባለ እኮ” አሉት። “ልጅቷን አታስጨንቃት፤ ታገስ።”