መብራት የሄደበት ሟች

ሰው ሳይሞትበት ያለቀ የቪዲዮ ካሴት ያየ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላየሁም። በዚያ በደርግ ዘመን፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ካሴት የሚያከራየን ሰውዬ የሕንድ ፊልሞቹን ርዕስ ማንበብ ስለማይችል (እኛስ መች እንችል ነበር!) መደርደሪያውን የከፋፈለው በሟች ነበር። እናት የምትሞትበት ላይኛው ላይ፣ አባት የሚሞትበት መካከለኛው ላይ፣ ወንድማማቾች ተጠፋፍተው አንደኛው የሚሞትበት ታችኛው ላይ። ሁሉም የሚያልቁበት ደግሞ ባንኮኒው ሥር ነው፤ እሱ ለደንበኛ ብቻ ይወጣል። ምነው ግን፣ ሞት በየቤቱ በነፃ በሚታደልበት ዘመን ሌላ ሞት ተከራይተን እናይ ነበር? እኔ እንጃ። ምናልባት የካሴቱን ሟች ወደ ኋላ ማጠንጠን ስለሚቻል ይሆናል።

ካሴቱን የምናጫውትበት ዴክ የጎረቤቴ የእትዬ አለምነሽ ነበር። ሴት ልጃቸው ከጅዳ ከነቴሌቪዥኑ ልካላቸው፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን ተቀምጠው አላዩትም። ወንድ ልጃቸው ደሳለኝ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። «እኔ የሰው ሬሳ በሳጥን አላይም» ይሉና ሳሎኑን ለኛ ለቀው ጓዳ ይገባሉ። እኛ ማለት እኔ፣ የእድራችን ዳኛ አያ ተገኘና ጎረቤታችን መሪጌታ ነን። ሽማግሌዎቹ ሕንድኛ አይሰሙም። መሪጌታ ሲያብራሩ የሰማ ግን ፊልሙን ራሳቸው የደረሱት ነው የሚመስለው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዱን ካሴት እያየን ነው። ጀግናው ተመትቶ ወድቋል፤ ሊያቃጥሉት እንጨት ከምረው አጋድመውታል፤ እናትየዋ ታለቅሳለች፤ ወንድሙ ችቦ ይዞ ጠጋ ሲል የሟቹ ጣት ነቅነቅ ያለ መሰለን። ልክ እዚያ ላይ መብራት ሄደ! እስኪመሽ ጠበቅን፣ አልመጣም። መሪጌታ «ሰውዬው አልሞተም፣ ጣቱን አይቻለሁ» አሉ። አያ ተገኘ ደግሞ «ስንት ሬሳ የገነዝኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ አልቆለታል» ብለው ድርቅ አሉ። ካሴቱ በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት መመለስ አለበት። ስለዚህ ከቤት ወጥተን መንገድ ላይ ስንለያይ፣ መብራቱ ከመጣ ጎህ ሲቀድ ተገናኝተን መጨረሻውን ልናይ ቃል ተገባባን። ለእትዬ አለምነሽ የነገራቸው ግን ማንም የለም።

መብራቱ መጣ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስታችን ጋቢያችንን ተከናንበን በራቸው ላይ ቆምን። እስቲ አስቡት! የእድር ዳኛ፣ መሪጌታና ጎረቤት፣ በማለዳ፣ ሳይጠሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው። በኛ አገር እንዲህ ሆኖ የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርዶ ሲያረዱ የኖሩት አያ ተገኘ እንኳ ያን ቀን ይሄ ከልባቸው ጠፍቷል። ፊልም ሰውን እንዲህ ያደርጋል። በሩ ተከፈተ። «ለፊልም ነው የመጣነው» ማለቱ አሳፍሮን አንዱ አንዱን በክርን ይጎሽማል። እትዬ አለምነሽ ሦስታችንን ተራ በተራ አዩን። ከዚያ «ልጄን!» ብለው መሬት ላይ ወደቁ።

ክው ብዬ ቀረሁ። «ኧረ ማንም አልሞተም!» ብል ማን ይስማኝ? መርዶ ነጋሪ መቼ እውነቱን ተናግሮ ያውቃል? «ትንሽ አሞት ነው» ብሎ አይደል የሚጀምረው! አያ ተገኘ «ደሳለኝ ደህና ነው» ሲሉማ ጩኸቱ ባሰ፤ የእድር ዳኛ በማለዳ መጥቶ ደህና ነው ካለ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጥሩምባ ነፊው የሟችን ስም እንኳ ሳይጠይቅ ነፋ። የቀበሌው ሊቀ መንበር «ማን ፈቅዶላችሁ ነው የምትሰበሰቡ» እያለ መጥቶ እሱም አለቀሰ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ አለምነሽ ፊታቸውን ነጭተው ደም በጉንጫቸው ሲወርድ አየሁ፤ ያን ጊዜ ሳቅ የሚባል ነገር በአካባቢዬ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ መሪጌታ «እመቤቴን! ለፊልም ነው የመጣነው!» ብለው ማሉ። መሪጌታ ሲምሉ ተሰምተው ስለማያውቁ ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ አለምነሽ ቀና ብለው «እስቲ አሳዩኝ» አሉ። ዴኩን ከፈትኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ነጠላውን እንዳደገደገ ተቀመጠ። ሟቹ ጣቱን አነቃነቀ፤ ከእንጨቱ ላይ ተነሣ፤ ተነሥቶም ዘፈነ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ አለምነሽ እንባቸውን ጠርገው «ውሾች!» አሉን። እንደዚያ ያለ ሸጋ ስድብ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ክፉ ወሬ ግን የጠዋት አውቶብስ አያመልጠውም፤ ትኬት የሚያጣው ማስተባበያው ነው። በማግስቱ የእትዬ አለምነሽ ወንድም አያ ፈንታ ዘመድ አዝማድ አስከትለው ከአይከል መጡ፤ «ወየው ደሳለኝ!» እያሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ። እንደ ምንም ያዝናቸውና ነገሩን አስረዳን። ተመስገን አሉ፤ ተቀመጡ፤ ጠላ ጠጡ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የተጨማደደ ፖስታ አወጡ። ደሳለኝ ወደ ጎንደር የሚልካቸው ደብዳቤዎች መንገድ ላይ እየቀሩ መልስ ቢያጣ፣ በአጎቱ በኩል የጻፈው ነው። እኔ አነበብኩት። እግሩን ቆስሎ ነበር፤ ድኗል፤ ከግንባር አውጥተው ስንቅ ክፍል አድርገውታል፤ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ይከትፋል። እትዬ አለምነሽ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀው ሳሙት፣ ደረታቸው ላይ ለጠፉት፣ እንደገና ሳሙት። እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እፎይ ሲሉም ይለቀሳል ለካ።

እንባው ሲደርቅ እትዬ አለምነሽ ፖስታውን አገላብጠው አዩና፣ ይሄ ወረቀት አይከል ከደረሰ ስንት ጊዜው ነው ብለው ወንድማቸውን ጠየቁ። ሁለት ወር ይሆነዋል አሉ። «ምነው ወንድሜ! እኔ እዚህ እንዲህ ስቃጠል?» ቢሏቸው፣ አያ ፈንታ ቅር ተሰኙ።

«ምን ላድርግ እቴ» አሉ፣ «ይዤልሽ ልመጣ በየቀኑ ስጠብቅ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ጎንደር ላይ የሚሞት ዘመድ ጠፋ።»