ጋራዡን ያድናል የተባለው ዳክዬ

(ከፕሊማውዝ ከተማ ወደ ምዕራብ፣ በቄጠማ የተከበበች ትንሽ ኩሬ። የዳክዬ አደን የመጨረሻው ቅዳሜ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ አርባ ደቂቃ ቀርቷታል። ሀዚም ጠመንጃውን ይዞ ቄጠማው ውስጥ ተቀምጧል። የሚስቱ የከድሪያ ወንድም ሙዘይን የጎማ ሱሪ ለብሶ፣ እየተንቦጫረቀ ከውኃው ይወጣል።)

ሀዚም፦ ምን ዓይነት አደራደር ነው ይሄ?

ሙዘይን፦ ምን ጎደለው? ዐሥራ ሁለቱም ማታለያ የፕላስቲክ ዳክዬ ውኃው ላይ ነው።

ሀዚም፦ ትከሻ ለትከሻ ገጥመህ ደረደርካቸው እኮ። መሀሉን ባዶ ተው አላልኩህም?

ሙዘይን፦ ትቼው ነበር። ክፍተት ሳይ አላስችል አለኝና ደፈንኩት።

ሀዚም፦ የጁምዓ ሰላት አይደለም፣ ሙዘይን። ከላይ የሚመጣው ዳክዬ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል።

ሙዘይን፦ ከኋላ አዲስ ሰልፍ ይጀምራላ።

ሀዚም፦ (ራሱን ይዞ) እሺ፣ ተወው። ዝቅ በል። ዛሬ ባዶ እጄን ከገባሁ ምን እንደሚከተል ታውቃለህ?

ሙዘይን፦ እራት እንቁላል ነው?

ሀዚም፦ ጀልባዬ ከቤታችን ጋራዥ ይወጣል። እህትህ ምላለች። «ሁለት ክረምት ሙሉ በሌሊት ተነስቼ ከመኪናዬ ላይ በረዶ እየፋቅሁ ኤደን ፕሬሪ ድረስ ሥራ ስሄድ፣ ያንተ ጀልባ ጋራዥ ውስጥ ይሞቀዋል። አንድ ዳክዬ እንኳ ካላመጣህ ከዛሬ ጀምሮ ደጅ የሚያድረው እሱ ነው» አለችኝ።

ሙዘይን፦ ከድሪያ አለች ማለት አለቀ ማለት ነው።

ሀዚም፦ ስለዚህ አንድ ዳክዬ። አንድ ብቻ። (ያዳምጣል) መጡ። ፊትህን ሸፍን።

ሙዘይን፦ (ቀና ብሎ) የታሉ?

ሀዚም፦ ቀና አትበል። ፊትህ ከላይ እንደ ሳህን ነው የሚያበራው።

ሙዘይን፦ እንግዳ አቀርቅሮ መቀበል ነውር አይደለም?

ሀዚም፦ አቀርቅር። (የዳክዬ መጥሪያ ፊሽካውን ይነፋል) ኳክ፣ ኳክ፣ ኳክ።

ሙዘይን፦ ምን አልካቸው?

ሀዚም፦ «ኑ፣ እዚህ ምግብ አለ» ነው። ሦስት ወር በቪዲዮ ፕራክቲስ አድርጌዋለሁ።

ሙዘይን፦ ዞረው እየመጡ ነው። ድገመው።

ሀዚም፦ ከመጡ በኋላ ዝም ነው የሚባለው።

ሙዘይን፦ ዝም ካልካቸውማ ከልብህ አልጠራሃቸውም ይላሉ። አንዴ «ብሉ» ተብሎ እሺ ያለ እንግዳ አይተህ ታውቃለህ?

ሀዚም፦ (ጥቂት አስቦ) እሱስ ልክ ነህ። (ዓይኑ እስኪፈጥ ይነፋል)

(ዳክዬዎቹ ኩሬው ጫፍ ላይ ደርሰው ወደመጡበት ይመለሳሉ።)

ሙዘይን፦ በልተው ነበር ማለት ነው።

ሀዚም፦ ፊትህን አይተው ነው። ዝም በል፣ ሌሎች አምስት መጡ። ክንፋቸውን ሰበሰቡ። ሊወርዱ ነው። (ጠመንጃውን ያነሳል)

ሙዘይን፦ (ለማዶው በሚሰማ ድምፅ) ቢስሚላህ።

(አምስቱም በአምስት አቅጣጫ ይበተናሉ።)

ሀዚም፦ ምን ነካህ ሰውዬ?

ሙዘይን፦ ሳትል ብትተኩስስ? ሐራም ልታበላን ነው?

ሀዚም፦ የሚለው ተኳሹ ነው፤ እሱም በለሆሳስ።

ሙዘይን፦ የረሳህ መስሎኝ ነው።

(የሀዚም ስልክ የሰዓት ማንቂያ ይጮኻል። ፀሐይ ጠልቃለች። ሀዚም ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ኪሱ ይከታል።)

ሀዚም፦ አበቃ። ከዚህ በኋላ መተኮስ ክልክል ነው። ጥፋቱ ግን የኔ አይደለም፤ የዚህ ኩሬ ዳክዬ መጥሪያ አይሰማም።

ሙዘይን፦ እስቲ።

(ከደረት ኪሱ ያረጀ የእንጨት መጥሪያ ያወጣል። ዝቅ አድርጎ ሁለቴ ነፍቶ ዝም ይላል። ሰባት ዳክዬዎች አየር ላይ ዞረው፣ እግራቸውን ዘርግተው ይወርዳሉ። አንዷ እየዋኘች የሀዚም ቦት ጫማ አጠገብ ትደርሳለች።)

ሀዚም፦ (በሹክሹክታ) ይሄን የት ተማርከው?

ሙዘይን፦ ሱ ፎልስ ሥጋ ፋብሪካ ስሠራ። ከሥራ ባልደረባዬ ከፊራኦል ጋር ሰባት ዓመት አድነናል።

ሀዚም፦ ሰባት ዓመት? ታዲያ ክፍተቱን...

ሙዘይን፦ አውቄ ነው የደፈንኩት።

ሀዚም፦ ቀና ማለትህስ?

ሙዘይን፦ አውቄ።

ሀዚም፦ ቢስሚላሁስ?

ሙዘይን፦ እሱ ከልቤ ነው። ጩኸቱ ብቻ ነው የከድሪያ።

ሀዚም፦ እህትህ ናት የላከችህ።

ሙዘይን፦ «አብረኸው ሂድ፣ ላባ እንኳ እንዳያገኝ» አለችኝ። ቀላል ሥራ እንዳይመስልህ። «ከመጡ በኋላ ዝም ነው የሚባለው» ስትል ደንግጬ ነበር፤ ትክክል ነበርክ እኮ።

ሀዚም፦ (ደስ ሊለው ይቃጣዋል) ትክክል ነበርኩ?

ሙዘይን፦ በደንብ። አንድ ደቂቃ ብትታገስ ኖሮ እራታችን ዳክዬ ነበር።

ሀዚም፦ እሺ፣ ቃል ቃል ነው። መኪናዋን ታስገባ። ግን ጋራዡ የሁለት መኪና ነው፤ ጀልባዬ ከጎኗ ይቆማል።

(ሙዘይን ፕላስቲኮቹን ሊሰበስብ ወደ ውኃው ይገባል።)

ሀዚም፦ ሙዘይን። ይቆማል አይደል?

ሙዘይን፦ ውኃው እንዴት ይቀዘቅዛል።

ሀዚም፦ እኛ ቤት ቤዝመንት ልትኖር ከገባህ ጀምሮ መኪናህ የምታድረው መንገድ ዳር ነው። ዛሬ ቁልፏን የት ተውከው?

ሙዘይን፦ (ጀርባውን እንደሰጠ) ከድሪያ ጋ። ቤት ስንደርስ ከጋራዡ ፊት ድራይቭዌዩ ላይ ቀስ ብለህ ታጠፍ፤ ጀልባህን እንዳትገጨው። እኛ ጠዋት ሀይዌይ ሳንገባ ነው ያወጣችው።