«ሁለት ክር የጎደለው» ጊታር

ይህን ስነግራችሁ ልሳሳት እችላለሁ። ወሩ ኅዳር ይሁን ታኅሣሥ እንኳ ጠፍቶብኛል። ክልሉ አዲስ ነበር፤ አሶሳ ውስጥ ከወንበሩ መሥሪያ ቤቱ ይበዛል። እኔ የባህል ቢሮው ንብረት ክፍል ነበርኩ። የቆለፍኩትን በር ተመልሼ የምነካ ዓይነት ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይሳሳትም ትሉ ይሆን? እኔም እንደዚያ እል ነበር።

የኪነት ቡድናችን አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ነበረው፤ ከቀድሞው ጦር ሠራዊት ባንድ የተረፈ። ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። የሚጫወቱት ጋሽ ታደሰም ከዚያው ባንድ የተረፉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ያለ ቤዙ በቢሮው ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

ታዲያ ክልሉ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ የሚያብረቀርቁ ጊታሮች ደርድሮ ነበር። እኔም የንብረት ቆጠራ ስለያዝኩ ሄጄ ክራቸውን ቆጠርኩ። አንዱ ስድስት። ሁለተኛው ስድስት። ሦስተኛውም ስድስት። ተመልሼ የኛን ቆጠርኩ፤ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ «ጊታር፣ አሮጌ፣ ሁለት ክር የጎደለው።» ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ያን ቀን ማን ያስታውሰኝ?

ጎደሎ ንብረት ኤግዚቢሽን አይወጣም፤ ከሚወገዱ ዕቃዎች ጋር ይከመራል። የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ጋሽ ታደሰን ጠራቸው። እሳቸውም ቤዝ ሲፈጠርም አራት ክር ነው አሉ። ሰብሳቢው መዝገቡን ገለጠላቸው።

«ጋሼ፣ የርስዎን ቃል ልመን ወይስ የተጻፈውን?»

ጋሽ ታደሰ ወደኔ አዩ። የጊታሩን ሳጥን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙ። እኔን «እርግጠኛ ነህ?» ቢሉኝ እንደ ልማዴ አይደለሁም እል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

የዙምባራ ነፊዎች አለቃ ሼህ ሀሚድ እዚያው ኮሚቴው ፊት ለመቅረብ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ዙምባራ የበርታዎች የቅል መለከት ነው። እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዘፈኑ የሚሞላው ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ነው።

«ወላሂ፣ የኔ ዙምባራ ድምፁ አንድ ነው» አሉ። «ሁለት የለም። እሱም ጎደሎ ነው ብለህ ጻፍ!»

ከዚያም ወደ ቤዙ ጠቆሙ።

«ይሄ አራት አለው። ሀብታም ነው!»

ኮሚቴው ሳቀ። የሳቀ ኮሚቴ ደግሞ መጨከን አይሆንለትም። ቤዙ ተረፈ። በማግስቱ ከዙምባራዎቹ ጋር ሲጫወት ድምፁ ጆሮዬን አልፎ ደረቴን መታኝ።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ታደሰ ጡረታ ወጡና ቤዙን ሊያስረክቡ መጡ። እንደ ልማዴ ሳጥኑን አራግፌ ፈተሽኩ። ከውስጥ ጨርቁ ሥር የታጠፈ ወረቀት ወጣ፤ የመጀመሪያው ርክክብ ሰነድ። «ቤዝ ጊታር፣ ባለ አራት ክር፣ ሙሉ» ይላል። ፊርማዎቹ ደብዝዘዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ያን ጊዜም እዚህ ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አላወጡትም?»

«አንተ ልጅ፣ ገና ሥራ መጀመርህ ነበር» አሉና ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

መልሳቸው አልገባኝም። ተጠራጣሪ ነኝና መዝገብ ቤት ገብቼ ሌላውን ቅጂ ፈለግኩ። ከረጅም ዝርዝር መካከል አገኘሁት። አስረካቢ፦ ጋሽ ታደሰ። ሙሉ መሆኑን ቆጥሮ የተረከበ፦ እኔ። ፊርማውን ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ። የኔ ነው።