ኮከቡ ላይብረሪያን

ሽልማት ደግ ነገር ነው። ክፉ ነው ያለ አፉ ይቆለፍ። እኔ የማማው ሽልማቱን ሳይሆን አሰጣጡን ነው፤ «ሳትሸለም ቀርተህ ነው» ለምትሉኝም አዎ፣ አልተሸለምኩም፣ ይኸው ከፊታችሁ አፍርጬዋለሁ፣ አሁን በሰላም እናውራ። ሰው ለሽልማት የሚታጨው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም ብዙ ስለሠራ፣ አንድም ምንም ስላላበላሸ። ችግሩ ያለው ብዙ የሠራ ሰው ማበላሸቱ የማይቀር መሆኑ ላይ ነው። ሳህን የሚያጥብ ሰው ሳህን ይሰብራል። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የሚያጥበውን የሚያይ ሰው ግን በዕድሜው አንዲት ሳህን ሰብሮ አያውቅም። ሸላሚዎች ሲመጡ ደግሞ ስብርባሪው መሬት ላይ ስለሚታይ እሱን ይቆጥራሉ፤ የታጠበውንማ ማን ይቆጥራል? ተበልቶበታላ!

የጦር ጀግና፣ የእርሻ ጀግና፣ የፋብሪካ ጀግና ሲሸለም አይታችሁ ይሆናል። የሕግና የፖለቲካ ሳይንስ ላይብረሪያን ሲሸለምስ? እኔ አይቻለሁ። ያውም ጅግጅጋ ላይ። ያውም ከሸላሚዎቹ አንዱ ሆኜ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ጦርነቱ አልፎ፣ ከተማዋ የፈረሰ ግድግዳዋን እያቆመች ሳለ ከአዲስ አበባ ተመድቤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግራችሁም፤ የጡረታ ማህደሬ እዚያ ያለፈ ነው፣ ነገር አልፈልግም። ታዲያ ይህ መሥሪያ ቤት በአንድ በረንዳ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የመጻሕፍት ክፍሎች ነበሩት። አንዱ የሕግ፣ ሌላው የፖለቲካ ሳይንስ።

የሕጉን ክፍል የያዘችው እትዬ ዘነበች ናት። አያቷ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሷም ጅግጅጋ ተወልዳ ጅግጅጋ ያረጀች፣ ሶማሊኛዋ ገበያ ውስጥ ነጋዴ የሚያስለቅስ ሴት ነበረች። ክፍሏ ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰው አያጣም። ጡረታው የቆመበት አሮጌ ወታደር፣ ባሏ ጥሏት የሄደ እናት፣ ከጨርቁ ከረጢት ይልቅ ክርክሩ የከበደው ነጋዴ። እትዬ ዘነበች የአዋጁን ጥራዝ ታወርዳለች፣ ምራቋን ጣቷ ላይ ነካ አድርጋ ትገልጣለች፣ በአማርኛ ታነብባለች፣ በሶማሊኛ ትተረጉማለች፣ ካስፈለገም አንቀጹን በእጇ ገልብጣ ታስይዛለች። መጻሕፍቱ የአውቶቡስ ወንበር መስለዋል፤ ጠርዛቸው ተበልቷል፣ የተገነጠለውን በዱቄት ሙጫ ለጥፋዋለች።

የፖለቲካ ሳይንሱ ክፍል ሹም ጓድ ደምሴ ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ሐሜት አይወድም፣ ሰዓት አያዛንፍም። መጻሕፍቱ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ በቁመታቸው ተሰልፈው፣ ቀዩ ከቀይ አረንጓዴው ከአረንጓዴ ጋር ሆኖ፣ ለበዓል ሰልፍ የወጡ ይመስላሉ። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ብዙዎቹ ከማተሚያ ቤት እንደመጡ ገጾቻቸው ገና አልተላቀቁም። አንድ ቀን በግዴታ ለምንሰበሰብበት የውይይት ክበብ የሚሆን መጽሐፍ ልዋስ ሄድኩ።

«በመስታወቱ ተመልከተው» አለኝ።

«ላነበው ነበር እኮ።»

«ስማ ወንድሜ፣ መጽሐፉ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። የሰፊው ሕዝብ እጅ ደግሞ ንጹሕ አይደለም።»

እጄን አየሁት። እውነቱን ነው፣ ቀለም ነክቶት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከበላይ ሰርኩላር መጣ። «በሕግና በፖለቲካ ሳይንስ መጻሕፍት አያያዝ የላቀ ውጤት ያስመዘገበ ኮከብ ላይብረሪያን ተመርጦ ይሸለም» ይላል። በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን የላከው ክፍል አላወቀም፤ ወይም አውቆ ምን ቸገረው። ወዲያው ኮሚቴ ተዋቀረ። ሰብሳቢው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ጌታሁን፣ አባሉ የንብረት ክፍሉ ሹም፣ ጸሐፊው እኔ። መመዘኛውን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ንጽሕና፣ የጠፋ መጽሐፍ አለመኖር፣ የተበላሸ መጽሐፍ አለመኖር። «ስንት ሰው ተጠቀመ» የሚል የለበትም። ይህን አስተዋልኩ። አስተውዬም ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ በነበረበት ዘመን እኔ ባለጸጋ ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን ሆዮ ኸዲጃ የሚባሉ ባልቴት (ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው፣ ከተማው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲያ ነው) መከራ ወደቀባቸው። ከመኖሪያ ቤታቸው ጎን አንዲት ሻሂ ቤት አለቻቸው፤ ባላቸውና ሁለት ልጆቻቸው በጦርነቱ ጊዜ ካለቁ ወዲህ የሚተዳደሩት በእሷ ነው። የቀበሌው ሰዎች «ትርፍ ቤት ናትና አስረክቡ» አሏቸው። እትዬ ዘነበች አዋጁን አገላብጣ፣ ሰው ከመኖሪያው ሌላ በፈቃድ የሥራ ቤት መያዝ እንደሚችል አገኘችላቸው። ፈቃዱ ደግሞ አላቸው፣ መስታወት ገብቶ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። ሆዮ ኸዲጃ የተገለበጠውን አንቀጽ ይዘው ሄዱ። የቀበሌው ሊቀመንበር «የሴት እጅ ጽሑፍ ሕግ አይሆንም፣ የታተመውን አምጪ» ብሎ መለሳቸው።

ጥራዙ ከግቢ መውጣት ክልክል ነው። እትዬ ዘነበች በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር።

«አየህ ወይስ አላየህም?» አለችኝ።

«አላየሁም እትዬ።»

«ጎበዝ። ነገ ጠዋት ነው ቀጠሯቸው፣ እስከ ምሳ ይመልሱታል።»

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ጌታሁን ብድግ ብሎ «ኮሚቴው አሁኑኑ ምርመራውን ይጀምር» አለ።

መጀመሪያ የፖለቲካ ሳይንሱ ክፍል ገባን። ኃላፊው ጣቱን በመደርደሪያው ላይ ሰደደ፣ አነሣው፣ አየው፤ አቧራ የለም። «ግሩም!» አለ። የንብረት ክፍሉ ሹም ቆጠረ፤ ሙሉ ነው። የውሰት መዝገቡን ገለጥነው፤ አንድ ስም የለበትም፣ ወረቀቱ እንደ በረዶ ነጥቷል። ኃላፊው «ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው» ብሎ የጓድ ደምሴን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

ወደ ሕጉ ክፍል ተሻገርን። አግዳሚው ሰው ሞልቶበታል። አቧራ አለ፣ ሙጫ አለ፣ ላብ ላብ ይሸታል። ቆጠራው አለቀ፤ አንድ ጥራዝ ጎደለ።

«የት ሄደ?» አለ ጓድ ጌታሁን።

«ወጥቷል» አለች እትዬ ዘነበች።

«ማን ፈቀደለት?»

«ችግር።»

በሕዝቡ ፊት ነው ይህን ያለችው። ኃላፊው ፊቱ ቀላ። «የመንግሥት ንብረት ማጉደል ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ? ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ሊኖር አይችልም፣ መጽሐፉን ስትገልጪው ነው የምትውዪው!» አለ። ጉዳዩ እስር ድረስ ሊሄድ የሚችል ጉዳይ ነበር፤ ቀልድ አይምሰላችሁ። የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። የእስክሪብቶዬን ክዳን አጥብቄ ዘጋሁ፤ ፈታሁ፤ እንደገና ዘጋሁ።

ይህን ጊዜ ሆዮ ኸዲጃ ጥራዙን ደረታቸው ላይ አቅፈው በእልልታ ገቡ። «ቀረልኝ! ሻሂ ቤቴ ወላሂ ቀረልኝ!» እያሉ እትዬ ዘነበችን ጉንጯን ሳሟት፣ መጽሐፉን ሳሙት፤ እኛም የረዳን ሰዎች መስለናቸው የጓድ ጌታሁንን እጅ ያዝ አድርገው «እናንተንም አላህ ያክብርልኝ» አሉ። ኃላፊው እጁን ነጥቆ ጥራዙን ተቀበለ። ሽፋኑ ላይ የብርጭቆ ቂጥ የሚያህል ክብ ነገር ታትሞበታል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሻሂ ነው፣ ልጄ» አሉ ሆዮ ኸዲጃ ደስታቸው ሳይበርድ። «የቀበሌው ሊቀመንበር እያነበበ ጠጣበት።»

እንግዲህ ፍረዱ። በዚያች ከተማ አንድ ሊቀመንበር ቁጭ ብሎ፣ ሻሂ እስኪያስፈልገው ድረስ አዋጅ አነበበ። ባነበበውም ፈረደ። ይህ በደወል የሚነገር ነገር አልነበረም? እኔ በቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት ግን «አንድ ጥራዝ በሻይ ተበላሽቷል» ብዬ ነው።

ወደ ድምፅ ተኬደ። «ጓድ ደምሴ ኮከብ፣ ወይዘሮ ዘነበች ማስጠንቀቂያ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሦስት እጅ ያስፈልግ ነበር። ሦስት እጅ ተገኘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ እዚህ ግን አይጥም አልበላም።

ሽልማቱ በአዳራሽ ተሰጠ፤ በመስታወት የታጠረ የምስክር ወረቀትና አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ። ጓድ ደምሴ ንግግር አደረገ። «ይህ ሽልማት የእኔ ብቻ ሳይሆን የአንባቢዎቼም ጭምር ነው» ሲል አዳራሹ ዞር ዞር እያለ አንባቢውን ፈለገ። እትዬ ዘነበች ከሁሉም አስበልጣ አጨበጨበች።

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ወር ሳይሞላ ለጓድ ደምሴ ደብዳቤ መጣ። በላቀ ችሎታው ምክንያት አፍደም ሄዶ አዲስ ቤተ መጻሕፍት እንዲያቋቁም ተመድቧል። አፍደም የባቡር ሐዲድ ያለፈባት፣ ፀሐይዋ የማታልፍባት ከተማ ናት። ሚስቱ ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል።

ደብዳቤው በደረሰው ማግስት በረንዳውን ተሻገረ። ለዓመታት «ጓድ ዘነበች» ሲላት የኖረው ሰው አንገቱን ደፍቶ፣

«እትዬ ዘነበች፣ ስለ ዝውውር የሚያወራ ሕግ አይጠፋሽም» አላት።

አልጠፋትም። አወረደች፣ ገለጠች፣ ጣቷን አሳረፈችበት። ሰውየው መጽሐፉን ከቦርሳው ሊከት እጁን ዘረጋ።

«አይሆንም ደምሴ፣ ማስጠንቀቂያ አለብኝ። እዚሁ ተቀመጥና አንብብ።»

በአንድ ጡረተኛና ልጅ ባዘለች ሴት መካከል ተጣብቆ ተቀመጠ። ሁለት ሙሉ ቀን። እኔ ሳልፍ ሳገድም አየዋለሁ፤ ምራቁን ጣቱ ላይ እያስነካ ይገልጣል። ማመልከቻውን ጻፈ። ጓድ ጌታሁን ግርጌው ላይ «ኮከብ ሠራተኛ ሕግ ያከብራል እንጂ ሕግ አይጠቅስም» ብሎ መራው፤ ቢሆንም አንቀጹ ግልጽ ነበርና ሚስቱ እስክትገላገል ድረስ ጊዜ ሰጠው። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና። ሕፃኗን በሱፉ ብርድ ልብስ ጠቅልለው እትዬ ዘነበች ዘንድ ይዘዋት መጡ። ከዚያ አባትየው በድሬዳዋ በኩል፣ በባቡር፣ ወደ አፍደም ወረደ።

አፍደም ላይ ክፍል ተሰጠው። መደርደሪያ ተሠራለት። መጻሕፍቱ ግን አልመጡም፤ «በመንገድ ላይ ናቸው» ሲባል ዓመቱ አለቀ። ጓድ ደምሴ ሥራ የማይበድል ሰው ነውና በየወሩ ሪፖርት ይልክ ነበር። ማህደር ውስጥ የማስገባው እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም አንብቤአለሁ። የጠፋ፣ የለም። የተቀደደ፣ የለም። በሻይ የተበላሸ፣ የለም።

የዓመቱ ምርጫ ሲደርስ ኮሚቴው ለክርክር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ኮከቡ ላይብረሪያን ጓድ ደምሴ ሆነ፤ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በሙሉ ድምፅ።

ቃለ ጉባኤውን ጨርሼ በቀጥታ ወደ ሕጉ ክፍል ሄድኩ። ትናደዳለች ብዬ፣ ከተናደደችም አብሬ ልናደድ፣ እንዲያ ብናደድ ትንሽ ቀለል ይለኛል ብዬ ነው መሰለኝ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። እትዬ ዘነበች ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«ይገባዋል» አለች። «ያለ መጽሐፍ ዓመት ሙሉ መቀመጥ ቀላል መሰለህ? እኔ አንድ ቀን አልችለውም።» ከዚያ በር ላይ ለቆሙት አሮጊት በሶማሊኛ ግቡ አለቻቸውና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ጉዳይ አለህ?»

ጉዳይ አልነበረኝም።

«እንግዲያስ ቦታውን ልቀቅላቸው።»

ተነሣሁ።