አልጋ የተሰጠው የአበባ ማስቀመጫ

የሰው ልጅ ከዋሻ ወጥቶ እዚህ የደረሰው ዝም ብሎ አይደለም፤ በስብሰባ ነው። ይህን የሚጠራጠር ካለ እኛ ቤት ብቅ ይበል። እኛ ቤት አንድ የአበባ ማስቀመጫ ማንነቱ በስብሰባ ተለይቶ፣ ዕድሜው በስብሰባ ተቆርጦ፣ በስብሰባ አልጋ ተመድቦለታል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ታሪኩ ለመጪው ትውልድ እንዲተላለፍ ነው። መጪው ትውልድ የልጅ ልጄ ነው። እሱ በዚያ ሰሞን አልጋ አልነበረውም።

ዕቃውን ያገኙት ዋርሳዬ ናቸው፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ለጊዜው ብለው እኛ ቤት ገቡ። ይኸው እስከ ዛሬ ለጊዜው አሉ። ሰፈሩ ሊቀመንበር ይላቸዋል። እሳቸው ኃላፊነቱን ለቀው ወጡ እንጂ ኃላፊነቱ እሳቸውን አልለቀቀም፤ ጨው አቀብይኝ ለማለት እንኳ «ጨውን በሚመለከት ትኩረት ይሰጠን» ይላሉ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝና እንዲህ ያለ ቋንቋ ሲነገር ጨው መሆኑ የሚገባኝ ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። በትልቁ እኔና ባለቤቴ እንኖራለን፤ መሀሉን መጋረጃ ጋርደን ወዲህ አልጋ፣ ወዲያ ወንበር። ትንሿ ክፍል ልጄ ሳታገባ ታድርባት የነበረች ናት፤ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትገባው እዚያ ነው። ዋርሳዬ የገቡት እሷ ውስጥ ነው። ልጄ ስታረግዝ፣ ባሏ ሥራው ሩቅ ስለሆነ፣ እኔ ዘንድ እንድትታረስ ተነጋገርን። ዋርሳዬም ክፍሏን ለቀው ወንበር ላይ ሊተኙ ቃል ገቡ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ቃል የገቡት ዕቃውን ከመግዛታቸው በፊት ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ፣ ክንፉ ከወለቀ ማራገቢያና እግሩ ከተሰበረ ወንበር መሀል አዩት። ሻጩ በሩ እንዳይዘጋበት ደግፎበት ነበር። ዋርሳዬ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳይነካቸው እየተቆጡ አመጡት። ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ሰማያዊ ነገር ነው። ሆዱ ላይ አንዲት ወፍ ውኃ ዳር በአንድ እግሯ ቆማለች። ከሥሩ ግማሹ የተፋቀ ማኅተም አለ።

«የዚህ ዕቃ ማንነት ተጣርቶ ዋጋው እስኪተመን ድረስ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ አይልም» አሉ።

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔም።»

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። አገር ያውቃል ተብሎ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ተመረጠ። ዓይኑ ላይ የሚሰካት አጉሊ መነጽር ስላለችው ደግሞ ሰዓት ሠሪው ገባ። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ባለቤቴ ወንበሩ የእሱ ስለሆነ ያለ ድምፅ እንዲሳተፍ ተፈቀደለት። ይህ አልከበደውም፤ በትዳራችንም የሚሳተፈው እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ጉባኤ ስለ ወፏ ነበር።

«ሽመላ ናት» አለ መምህሩ። «ሽመላ የነገሥታት ወፍ ናት።»

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ሰክቶ አጎነበሰ። «ለእኔ የምትታየኝ ዶሮ ናት።»

«ዶሮ ውኃ ዳር ምን ትሠራለች?»

«ጠምቷት ይሆናላ።»

«ሲጠማት በአንድ እግሯ ትቆማለች?»

«ሌላው በርዷት ይሆናል፤ እኔ ምን አውቄ!»

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በእርሳስ መቱ። «ወንድሞች፣ ዶሮ ከሆነች ዕቃው የማንም ጓዳ ዕቃ ነው። ሽመላ ከሆነች ግን ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው። ጥያቄው የትኛዋ ብትሆን ይጠቅማል የሚለው ነው።»

የምትጠቅመው ሽመላዋ ሆና ተገኘች። ዶሮዋም በልዩነት ሐሳብነት ተያዘች።

ዕድሜውን መቁረጥ ከዚህ ከበደ። መምህሩ ሦስት መቶ ዓመት አለ። ሰዓት ሠሪው ከሰማንያ ንቅንቅ አልልም ብሎ ድርቅ አለ። ሁለት ቀን ተከራክረው፣ ሰዓት ሠሪው ምክትል ሊቀመንበር ቢደረግ ሁለት መቶ ሊቀበል ተስማማ። ሰው በሹመት ሲያረጅ አይቻለሁ፤ ሸክላ በሹመት ሲያረጅ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ዋጋው ላይ ግን ሁሉም አንድ ልብ ነበሩ። «አንድ ቪላ ከነግቢው» ተብሎ ጸደቀ።

«ጋራዥ ይኖረዋል?» አለ ባለቤቴ።

«አንተ ያለ ድምፅ ነህ» አሉት።

እንዲህ እያሉ ልጄ ወለደች። ወንድ። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ዕቃው አልጋው ላይ ቆሟል። አልጋው ላይ ስል፣ ፍራሹ መሀል፣ ወገቡን በብርድ ልብስ ተደግፎ፣ ከላይ አንሶላ ለብሶ። ዋርሳዬ እታች ምንጣፍ ላይ ናቸው። ቢወድቅ እሳቸው ላይ እንዲወድቅ ነው። ለአንድ ሸክላ እንዲህ ራሱን የሚሰጥ ሰው በየትኛው አገር ይገኛል?

አራሷን ከመጋረጃው ጀርባ እኔ አልጋ ላይ አስተኛኋት። ከመጋረጃው ወዲያ ኮሚቴው ተሰብስቧል፤ ወዲህ ሕፃኑ ያለቅሳል። ሕፃን ምን ያውቃል፣ ተራውን ሳይጠብቅ ይናገራል። በሦስተኛው ቀን ዋርሳዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ብቅ አሉ።

«አንቺ፣ ነገሩን በክፉ አትይብኝ። የልቅሶ ድምፅ ሞገድ አለው። መምህሩ አስረድቶናል። ሞገዱ ግድግዳውን አልፎ ዕቃውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ለጊዜው...»

ይህን «ለጊዜው» እኔ አውቀዋለሁ።

«ጋሼ፣ ወይ ማሰሮው ይውጣ፣ ወይ እኔ አውጥቼ እወረውረዋለሁ!»

«ማሰሮ አይደለም። ማስፈራሪያሽም ተይዟል።»

ባለቤቴ ወደ በረንዳ ጎተተኝ። «ታላቄ ናቸው፣ ምን ልበላቸው? ትንሽ ቀን ታገሺ፤ ይወስናሉ።»

«ምንህ ታላቅ ናቸው፣ የሸክላው ታናሽ አይደሉ!»

ብቻ በጭቅጭቅ መሀል ከምትታረስ ፍራሽ ብትለውጥ ይሻላል ብዬ አራሷን ማድ ቤት አስገባኋት። እኔም አብሬ ገባሁ። ከላምባ ምድጃው ሥር ልጄ፣ ከልጄ ጎን የልጅ ልጄ፣ ከበሩ ጋ እኔ። የማድ ቤቱ መስኮት መጽሐፍ ታክላለች፤ የምታየውም የጎረቤት ግድግዳ ነው። ሳምንት ሳይሞላን ሕፃኑ ማሳል ጀመረ። ሐኪም ቤት ይዤው ስሄድ ነርሷ ጀርባውን አዳመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ፣ ይሄ ልጅ የት ነው የሚተኛው?»

«ማድ ቤት» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? አልጋው ተይዟል ልበላት?

«ከጭስ ይውጣ። ፀሐይ ያግኝ። ዛሬ ነገ አትበሉ፣ ሳንባው ነው» አለችኝ።

እኔ የያዝኩትን አልለቅም ይሉኛል፤ እውነት ነው። ግን በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ሳሰላስል መጣሁ። እስካሁን ዕቃው ርካሽ ነው እያልኩ ነበር የምጮኸው። ርካሽ ነው የሚልን ሰው ማን ይሰማል? ቤት ስደርስ ኮሚቴው ትንሿ ክፍል ውስጥ ዕቃውን ከቦ ተቀምጧል። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ወንበር ስቤ፣ ሳልጋበዝ መሀላቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ዕቃውን አቃልዬው ነበር። አሁን ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

«ምን?» አሉ ዋርሳዬ፤ ፊታቸው ወገግ አለ።

«የዚህ ክፍል መስኮት ግቢውን አሻግሮ መንገዱን ያያል። ይሄን የሚያህል ሀብት እንዲህ ለመንገደኛ ዓይን ተጋልጦ ያድራል?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ ያልፍ ነበር።

«ያ ሰውዬ ማነው?» አለ ሰዓት ሠሪው በሹክሹክታ።

«አላውቀውም» አልኩ። ፖስተኛው ነበር።

«ታዲያ የት ይቀመጥ?» አሉ ዋርሳዬ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ ያልተማርኩ ሰው። ጓሮ ያለችው መጋዘን የብረት በር አላት፤ መስኮት የሚባል የላትም። ከሰሉንና አሮጌ ጎማዎቹን ወደ ጥግ ብንገፋ... ችግሩ ጠባቂ ነው። ወንድምዎ ይደር እንዳልል፣ ሌባ ቢመጣ የሚጮህ ሰው አይደለም። ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ደግሞ ዛሬ ከየት ይመጣል?»

ዋርሳዬ ብድግ ብለው ኮታቸውን ቆለፉ። እንዲህ ሆነው ያየኋቸው የጡረታ ሽኝታቸው ቀን ብቻ ነው።

«ይህንን አደራ እኔ እወስዳለሁ።»

ኮሚቴው ቆሞ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከልቤ። በዚያው ከሰዓት አልጋቸው ተፈታ፣ ዕቃው በአራት ሰው ታጅቦ ጓሮውን ተሻገረ። አመሻሹ ላይ የብረቱ በር ከውስጥ ሲቀረቀር፣ እኔ ክፍሉን ጠርጌ፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ፣ ልጄን ከነልጇ አስገባሁ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይዋ ሕፃኑ እግር ላይ አረፈች። ሳሉም ቀስ በቀስ እየላላ ሄደ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ትልቅ ሥራ ያለ ምስክር አይጠናቀቅምና ዋርሳዬ መሀል ከተማ የጥንት ዕቃ ሱቅ ያላትን ሴትዮ ዋጋውን እንድታጸድቅ አስጠሩ። ኮሚቴው ጫማውን አስጠርጎ ከመጋዘኑ ደጃፍ ተሰለፈ። ሴትዮዋ ገባች። ዕቃውን እንደ ባልዲ በአንድ እጇ አንጠልጥላ ገለበጠችው። መምህሩ ግድግዳ ተደገፈ። ሥሩን አየች፣ በጥፍሯ ኳ ኳ አደረገችው፣ አስቀመጠችው።

«እስቲ በመጀመሪያ እጄን ልታጠብ፤ ከሰል በከሰል ሆንኩ» አለች።

ቧንቧው ጋ ወስጄ ሳሙና አቀበልኳት።

«እህቴ፣ የቤቱ እመቤት ነሽ?»

«ነኝ።»

«ሰዎቹ አንጀቴን በሉት። ይሄ እኮ በካርቶን ታሽጎ ነበር የሚመጣው። ድሮ ሳሙና በብዛት ለገዛ ይመረቅለት ነበር። እኔ ሱቅ ሁለት አለ፤ በአንዱ ጃንጥላ አስቀምጥበታለሁ።»

«ወፏስ?»

«የቷ ወፍ?»

«ሽመላ ናት ዶሮ?»

«ዳክዬ ናት። የሳሙናው ምልክት ነበረች።»

እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ያህል ቀን ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ስጓጓ ኖሬ! ግን ቀና ስል የክፍሉ መስኮት ፊት ለፊቴ ነው። ልጄ ጎኗን ለፀሐይ ሰጥታ ተኝታለች። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ፣ ያለ ሳል ይተነፍሳል። ይህች ሴት ተመልሳ «ዳክዬ ናት» ያለች ጊዜ ዋርሳዬ አልጋቸውን ይሸከማሉ። ከሰል መሀል የሚያስቀምጣቸው ነገር የለም። የሚመጡት ደግሞ ወደዚያው ክፍል ነው፤ ለጊዜው።

አፌን ዘጋሁ።

«እህቴ፣ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

«አራት።»

«እንግዲያው ስሚኝ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

እጇን እያደረቀች መስኮቱን አየች፣ መጋዘኑን አየች። «እኔ መዋሸት አልወድም። የሱቄ ስም ነው እንጀራዬ።»

«ማን ዋሺ አለሽ? ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል በያቸው። ይሄ ውሸት አይባልም። ዋርሳዬ ዕድሜ ልካቸውን ደመወዝ የተቀበሉት በዚህ ቃል ነው።»

ሴትዮዋ ተመልሳ ገባች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። «እኔ ብዙ ዕቃ አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ ጉዳይ ግን አልገጠመኝም። ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል። ጥናቱ እስኪያልቅ ከዚህ ቦታ ባይነቃነቅ።»

ዋርሳዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ተጨማሪ ጥናት! ሰማችሁ? ተጨማሪ ጥናት!» መምህሩና ሰዓት ሠሪው ተቃቀፉ።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለ ባለቤቴ፣ ያለ ድምፅነቱን ረስቶ።

ሴትዮዋ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔ ክንዴን ሕፃን እንደማስተኛ ወዘወዝኩላት። «ድክ ድክ እስኪ...» ብላ ጀመረችና «ዓመት፤ ሲያንስ ዓመት» ብላ አስተካከለች።

ከዚያ ወዲህ የዕቃው ነገር በእኔ ነው። አቧራ እንዳይነካው ልብስ ሰፋሁለት። ጎረቤቴ በመጋዘኑ በር ስታልፍ ጮክ ብላ ብትስቅ ገሠጽኳት። ባለፈው ደግሞ ሰዓት ሠሪው ሻይ እየጠጣ ሳለ ሳያስበው «እኔ ግን እስካሁን ዶሮ ናት ባይ ነኝ» አለ። ከሁሉም ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ።

«ሽመላ ናት! በኮሚቴ ተወስኖ ያለቀ ነገር ምን ይነካካል? እንዳንተ ያለ ሰው ነው አገር የሚያፈርስ!»

ደንግጦ ሻዩን ደፋው። ዋርሳዬ እጄን ጨበጡኝ፤ በሰዓት ሠሪው ምትክ የኮሚቴ አባል እንድሆንም ጠየቁኝ። ተቀበልኩ። ድምፅም ተሰጠኝ።

ልጄ ይህን ሁሉ በመስኮቷ ስትሰማ ቆይታ፣ ስገባ ሳቋን በአንሶላ አፍና አገኘኋት።

«እማዬ ሙች፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያ ነገር ዋጋ አለው?»

የሕፃኑን እግር ወደ ፀሐይዋ ገለጥ አደረግሁለት።

«ዋጋ ባይኖረው አንቺ ዛሬ የት ትተኚ ነበር?»