ያማቶ ቡፌ ላይ የወጣችበት ዜና መዋዕል

መቀስ በጨበጡ በሠላሳ አራተኛው ዓመት፣ የሕንፃው ሊፍት በቆመ በሁለተኛው፣ የሳሎኑ ቡፌ ቀለም በተቀባ በአንደኛው ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የኮት አባት፣ የሱሪ መካሪ፣ ትከሻ ለሌለው ትከሻ ሰጪ፣ ሆዱ ለገፋ ገበና ሸፋኝ የሆኑት ታላቁ ልብስ ሰፊ፣ በደንበኞቻቸው ዘንድ ጋሽ ሚሊሜትር የሚባሉት፣ ተገጣጥማ የምትሠራ የጃፓን የጦር መርከብ ሞዴል ሊገዙ ተነሡ። ይህን የምጽፍ እኔ በሱቃቸው ጥግ ቆሜ ሃያ ዓመት ካውያ የገፋሁ ባለካውያቸው ነኝ፤ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም። ወገቤን የያዘኝም በዚሁ ዘመቻ ስለሆነ ምስክርነቴ የታመነ ነው።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። ጋሽ ሚሊሜትር የሰፉት ልብስ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ነገር ግን ሁሉም በሰው ጀርባ ሆኖ በበሩ ወጣ፤ ሙሽራውም ለብሶ ሄደ፣ ዳኛውም ለብሶ ሄደ፣ እከፍላለሁ ያለውም ለብሶ ሄደ። ከእጃቸው ሥራ በገዛ ቤታቸው የቀረ አንድ ስንኳ አልነበረም፤ መጋረጃው ሳይቀር የተገዛ ነው። ዓይናቸውም ክር በመርፌ ለማስገባት ሦስት ጊዜ መሳት በጀመረ ጊዜ ፈሩ፤ ዓይኔ ሳይከዳኝ በእጄ የሠራሁት አንድ ነገር ሳሎኔ ተቀምጦ ልየው አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፣ እኔም ሸሚዝ አቃጠልሁ። መርከብስ ለምን ቢሉ፣ መርከብ ለብሶ የሚሄድ ደንበኛ የለም።

የቤቱ እመቤት ግን በዋዛ የሚረቱ አልነበሩም። በሆስፒታል ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ አዋላጅ ናቸው፤ ባላቸው ጀምረው የተዉትን ሁሉ፣ ክር አልባውን ጊታር፣ ውሃ ያላየውን የዓሣ ገንዳ፣ አንድ ጎማ ብቻ ያለውን ብስክሌት ዕቃ ቤት አስገብተው ቆልፈውበታል። ስለዚህ አዋጅ ጽፈው ፍሪጁ ላይ ለጠፉ፤

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። አንዲት መርከብ ፈቅጃለሁ። ቦታዋ የቡፌው አናት ነው። ከቡፌው በአንድ ጣት ብታልፍ ግን ዕቃ ቤት ገብታ ከጊታሩ ጋር ትኖራለች፤ አማላጅ አልቀበልም።»

ወእምዝ ዘመቱ። የሠራዊታቸውም አሰላለፍ እንዲህ ነበር፤ ከፊታቸው ማንም የለ፣ ከኋላቸው እኔ፣ በቀኝ ኪሳቸው የሩቅ መነጽር፣ በግራ ኪሳቸው የቅርብ መነጽር፣ በብብታቸው ጃንጥላ፣ በደረት ኪሳቸው እመቤቲቱ የጻፉላቸው የሳሙናና የሽንኩርት ማስታወሻ። አንገታቸው ግን ባዶ ነበር፤ ከአንገታቸው ወርዶ የማያውቀውን ሜትር ከችኮላ የተነሣ ቡፌው ላይ ረስተውታል። ያ ሜትር ጫፉ ከብዙ ዘመን በፊት ተበጥሶ ከዐሥር ይጀምራል፤ ስለዚህ ያሳየው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ዐሥር መቀነስ የሱቃችን ሕግ ነው። አዲስ ይግዙ ብለን ብንወተውት እጄ ለምዶታል ብለው እምቢ አሉ።

የሄዱትስ ለትንሿ ሞዴል ነበር፤ ከእውነተኛዋ ሦስት መቶ ሃምሳ ጊዜ ላነሰችው፣ ሰባ አምስት ሴንቲ ሜትር ለሆነችው፣ ቡፌው ላይ ተንደላቃ ለምትተኛው። ከሞዴል ሱቁ መደርደሪያ አናት ግን ሁለት ታላላቅ ሣጥኖች ቁልቁል አዩአቸው፤ እነዚህ ከእውነተኞቹ ሁለት መቶ ጊዜ ብቻ ያነሱ ናቸው። አንደኛዋ ናጋቶ፣ መቶ ዐሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪያልቅ ሳትሰምጥ የቆየች ብልህ ናት፤ ሁለተኛዋ ያማቶ፣ መቶ ሠላሳ አንድ ተኩል፣ ከእኅቷ በቀር የሚስተካከላት የጦር መርከብ ያልነበራት፣ መጨረሻዋ ግን ባሕር ታች የሆነ ናት። ትንሿ በዚያች ቅጽበት ተረሳች።

ሦስት ሰዓትም ቆሙ። በሩቁ መነጽር አዩ፣ በቅርቡ መነጽር አዩ፣ ሁለቱንም ደርበው አዩ። ናጋቶን ሲያነሡ ልባቸው ያማቶ ጋ ይቀራል፤ ያማቶን ሲያነሡ አዋጁ ትዝ ይላቸዋል። ያማቶ ጫፏ የሾለ፣ መሐሏ የሞላ፣ ከኋላ ሰብሰብ ያለች ነች፤ እንዲህ ያለ ቁመና በደንበኛ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ፈልገው አጥተዋል። ባለሱቁ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ምሳውን በላ፣ ጥርሱን ጎረጎረ፣ በመጨረሻም ባንኮኒው ላይ እጁን አስደግፎ አዋጅ ነገረ፤

«ሱቁ በስምንት ሰዓት ይዘጋል። የተከፈተ ዕቃ አይመለስም። የሚገዛ ይግዛ፣ የማይገዛ መንገድ ይልቀቅ።»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ሚሊሜትር ወደ ቤታቸው ደወሉ፤ እመቤቲቱም እዚያው ቡፌው ላይ ባገኙት ሜትር የቡፌውን አናት ለክተው መቶ ሠላሳ አምስት ነው አሉ። እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕፃናት የለኩት በደህና ሜትር ነውና፣ ያነበቡትን እንዳነበቡት ተናገሩ። ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ ብሎ መጠየቅ የባለሙያው ፈንታ ነበር። የደንበኛን ወገብ ሁለት ጊዜ ሳይጠይቁ የማይቆርጡት ጌታዬ ግን አልጠየቁም፤ መልሱን ፈርተው ነው፣ ስልኩንም ቶሎ ዘጉት። እኔም ዐሥሩ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ዝም አልሁ። እግሬ ዝሎ ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ እኔም ትልቋን ወድጄ ነበር።

«ያማቶ ትሁን» ብለው አወጁ፤ ሆነችም።

የመመለሻውን መከራ ሁሉ ብጽፍ ቀለም አይበቃም። ሣጥኑ ታክሲ ውስጥ አልገባ አለ፤ በእግር ተጓዝን። ሊፍቱ እንደቆመ ነው፤ አራት ፎቅ ወጣን፣ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮብን ወደ ሁለተኛው ወርደን እንደ ገና ወጣን። ከላይ ሆነው ወደ ግራ ሲሉኝ ከታች የተሸከምኩት እኔ ነበርሁ። ሳሙናውና ሽንኩርቱ በዚህ ሁሉ መካከል ማንም አላሰባቸውም።

ቤት ገብተው ሳይቀመጡ ሣጥኑን ቀደዱት፤ አንድ ወጥ የሆነውን የመርከቢቱን ገላ አውጥተው ቡፌው ላይ አኖሩት። አፍንጫዋ ስድስት ሴንቲ ተኩል፣ አራት ጣት ያህል፣ ከቡፌው አልፎ አየር ላይ ቀረ። ወደ ኋላ ገፏት፣ በኋላዋ ወጣች፤ በሰያፍ አዞሯት፣ በሁለቱም ወጣች። ሜትሩ እዚያው አጠገቧ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አነሡት፣ ለኩ፣ ዐሥር ቀነሱ፤ መቶ ሃያ አምስት። ሣጥኑ ተከፍቷል፣ ባለሱቁም አይመልስም። ጋሽ ሚሊሜትር አልተከራከሩም፣ አማላጅም አልፈለጉም፤ መርከቧን በሁለት እጃቸው አንሥተው ራሳቸው ወደ ዕቃ ቤቱ መሄድ ጀመሩ። አንጀቴን በሉት። ዐሥሩን አውቅ ነበር ብዬ እዚያው ተናዘዝሁ፤ የሰማኝ ግን አልነበረም።

እመቤቲቱ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው የባላቸውን እጅ ያዩ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አባት ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታቀፍ እንዴት እንደሚይዝ አይተዋል፤ አንድ እጅ ከጭንቅላት ሥር፣ አንድ እጅ ከወገብ ሥር፣ ትንፋሽ ተውጦ። ጋሽ ሚሊሜትርም መርከቧን የያዟት እንዲሁ ነበር። እመቤቲቱም የዕቃ ቤቱን በር በጀርባቸው ዘግተው፣ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፤

«ለወፈረ ሰው ሁሉ አንተ አልወፈርክም፣ ልብሱ ነው የጠበበህ ስትል ኖረሃል። እንግዲያው መርከቧም አልረዘመችም፤ ቡፌው ነው ያጠራት። ይቀጠልለት። ሽንኩርቱ ግን አልተረሳም።»

ጋሽ ሚሊሜትር ሁለቱንም መነጽር አውልቀው ዓይናቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉ።

ለመቀጠያ የሚሆን የደረቀ፣ የማይጣመም ጣውላ ሲፈለግ በከተማው ሁሉ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእኔ የካውያ ጠረጴዛ ነው። ሰኞ ማለዳ ከግራ ጫፉ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ተቆረጠ፤ ዝም ላልሁበት ዐሥር፣ ዐሥር ከፈልሁ፤ ፍርዱን ተቀብያለሁ። ያማቶም በሰባት ወር ከስንት ሺህ ቁራጭ ተገጣጥማ ቆመች። ጌታዬ በየማታው ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ አስቀድመው እርሷን ያያሉ፤ እስከ ዛሬ በበሩ አልወጣችም።

እነሆ ክብር ለታላቁ ሰፊ፣ ቡፌ ላስረዘሙት፣ ፎቅ ለወጡት፣ አዋጅ ላከበሩት፤ ክብር ለእመቤቲቱ፣ አዋጅ አውጥተው መሻር ለሚያውቁት። እናንተም ከሱቃችን የተተኮሰ ሸሚዝ ወስዳችሁ የግራ እጅጌው ጫፍ ተጨማድዶ ብታገኙት አትቆጡኝ፤ ያ እጅጌ ያርፍበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ያማቶ ቆማለች።