«ልቤ» የሚባል ቦታ

ትርሲት የፕሮግራም ኮድ የሚቀመጥበትን ሰርቨር ረጅም አድራሻ ሁልጊዜ መጻፍ ቢሰለቻት፣ በራሷ ኮምፒውተር ላይ አጭር ስም አወጣችለት። «ልቤ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ልቤ ካለች ኮምፒውተሯ የት እንደሚያደርሳት ያውቃል። ሌላ የሚያውቅ የለም፤ እሷም ለማንም አልተናገረች።

ናሁሠናይ ባልደረባዋ ነው። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠርተዋል፤ በልቧ ያለውን አንድ ቀን ነግራው አታውቅም። ያን ማክሰኞ ግን እሱ ደሴ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር። የጤና ጣቢያው የካርድ ፕሮግራም ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፤ የማንም ታማሚ መረጃ አይወጣም። የተስተካከለውን ኮድ እንድትልክለት ደወለላት። ሊንኩን ገልብጣ ላከችለት።

«አልከፍት አለኝ» አላት።

«እኔ ጋ እኮ ይከፍታል።»

«ልቤ የሚባል ቦታ አይታወቅም ይላል።»

ፊቷ ጋለ። «እስቲ እንደገና ሞክር።»

ሞከረ። ከኋላው የአንዲት ነርስ ድምፅ ይሰማል፦ «ኧረ ሰው ተሰበሰበ! የእማማ ብርነሽ የስኳር መርፌ መጠኑ ስንት ነበር? ያለ ካርዱ ምን ብዬ ልውጋቸው?»

«ፈቃድ ከልክለሽኝ ነው?» አለ ናሁሠናይ።

«ፈቃዱማ ከተሰጠህ ቆየ።»

«ታዲያ ለምን አልገባም?»

ብድግ አለች፤ መልሳ ተቀመጠች። የላከችውን ሊንክ አንድ በአንድ አነበበችው። ነገርኩት ብላ ያሰበችው ለካ ለራሷ ብቻ የሚገባ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በዚያ ስም የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ሙሉውን ንገሪኛ! እኔ በምን አውቄ?»

ከሊንኩ ላይ አጭሩን ስም አጠፋችና ሙሉ አድራሻውን ከዳር እስከ ዳር ጻፈች። ላከችው።

«ገባሁ» ብሎ መለሰላት።

ረፋዱ ላይ ፕሮግራሙ ተነሣ። እማማ ብርነሽም ካርዳቸው ወጥቶ መርፌያቸውን ተወጉ። ትርሲት ከዚህ በኋላ ለሰው የምትልከው ሊንክ ሁሉ አጭሩ ስም በእውነተኛው አድራሻ ተተክቶ እንዲወጣ ኮምፒውተሯን አስተካከለች። ይህን ጨርሳም አላረፈችም። ስልኳን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፣ እንደገና ታነሣለች።

ከምሳ በኋላ ከናሁሠናይ መልእክት ገባ።

«ትርሲት፣ ጠዋት ገባሁ እንጂ አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።»